መጀመሪያ ፀሐይ ትርገጠው

አጎቴ ከየካ ሚካኤል በላይ ያለው የጎልፍ ሜዳ ኃላፊ ነበሩ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ሣሩን ውርጭ ሲመታው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ይቆማሉ። ማንም ይምጣ ማን፣ "መጀመሪያ ፀሐይ ትርገጠው፤ ውርጭ የያዘው ሣር ሰው ከረገጠው ይሞታል" ብለው ይመልሱታል።

በቀብራቸው ማግስት አንድ የታወቀ ተጫዋች ለቅሶ ሊደርስ ድንኳናችን ገባ። አጠገቤ ተቀምጦ፣ "ዛሬ እንኳ ከልካይ ስላልነበረ በማለዳ ተጫውተን መጣን" አለና ፈገግ አለ። እሳቸው የሌሉበት በር ታየኝ፤ ደሜ ፈላ።

"ተነሥ! ውጣ!" አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

እናቴ ደነገጠች። "ለቅሶ የመጣ ሰው ይባረራል?"

"አዎ እማዬ፣ በሞታቸው ደስ ያለው ሰው ይባረራል።"

አጋሼ፣ ነፍስዎን ይማር። እኔ ግን ለዚያ ሰው ይቅርታ የለኝም።