ነጠላዋ እስክትነሳ

ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ጋሽ ይልማ ሞጣ ተቀበሩ። ቢቸና ሳለሁ አስተማሪዬ ነበሩ። ከቀብሩ በፊት የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ ተጠየቅሁ። "ጋዜጠኛ አይደለህ፣ ላንተ ምን አለበት" አሉኝ ቤተሰቦቻቸው። ወረቀቱን ይዤ ተራዬን ስጠብቅ ከወደ ማሳው የታጨደ ጤፍ ሽታ መጣ፤ ለጥቂት ደቂቃ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ዘመኑ የጃንሆይ መጨረሻ ነበር። በትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ዘፋኝ ነበርኩ፤ ከዚያ በፊት ግን የዜማ ቤት ተማሪ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ክበቡ ሞጣ ሄዶ እንዲዘፍን ሲጋበዝ የፈቀዱልኝ በአንድ ቃል ነበር።

"ሕዝብ ከሳቀብህ ዘፈኑም አስኳላውም ይቀራል። ወደ ዜማ ቤት ትመለሳለህ።"

ጉድለቴን ክበቡን ይመሩ የነበሩት ጋሽ ይልማ ወዲያው አገኙት። ዜማ ቤት በሁለት ወገን ቆመን፣ ፊት ለፊት እየተያየን፣ እየተቀባበልን ነው ያደግነው። አፌን ስከፍት ታዲያ ሰውነቴ ሳይታወቀኝ ክራር ወደሚመታው ጓደኛዬ ወደ ደምሴ ይዞራል። ተመልካች የሚያየው ጆሮዬን ብቻ ነው።

"እዚህ ተቀባይህ ደምሴ አይደለም፤ ሕዝቡ ነው" አሉኝ።

ከትምህርት በኋላ አውድማ ዳር ያቆሙኛል። ታናሽ እህታቸው እትዬ ብርቄ ከአውድማው ማዶ ይቆማሉ። ቃሉ አንድ በአንድ ተለይቶ ሲደርሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ ከፍ ያደርጋሉ፤ ድምፁ ብቻ ከደረሳቸው እጃቸው አይነሳም። ስንት ቀን እንደቆምን አላስታውስም። የገለባው ብናኝ በፀሐዩ ውስጥ ሲንሳፈፍ፣ በሬዎቹ እህሉ ላይ ሲዞሩ፣ ማዶ ያለችው ነጠላ ነጭ ሆና ዝም ስትል ግን ዛሬም ይታየኛል።

"አንተ ልጅ፣ ለበሬዎቹ ነው የምትዘፍነው?" ይላሉ እትዬ ብርቄ። "እነሱማ ወደውልሃል!"

ሞጣ የሄድነው በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን ነው። እትዬ ብርቄም እናታቸውን ሊጠይቁ አብረውን ነበሩ። መንገዱ ያንገላታል፤ እኔ ግን ግማሹን ተኝቼ፣ ግማሹን እያንጎራጎርኩ ደረስኩ።

መድረኩ የተገጣጠመ ዴስክ ነበር። ደምሴ ክራሩን ሲጀምር ሰውነቴ የለመደውን አደረገ። ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ጮኸ፦

"ምነው ጎበዝ፣ ከኛ ጋር ተጣላህ እንዴ? ወዲህ ዙር እንጂ!"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። የአባቴ ቃል ጆሮዬ ላይ ደወለ። ዞርኩና በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ የቆሙትን እትዬ ብርቄን ፈለግሁ። ነጠላቸው አልተነሳችም። ከሁሉም ሰው በላይ አሻግሬ ለእሳቸው ብቻ ዘፈንኩ። ሳቁ መቼ እንደቆመ አላወቅሁም። ሁለተኛው አዝማች ላይ የነጠላዋ ጫፍ ቀስ ብላ ተነሳች።

ቢቸና ስመለስ እውነቱን ለአባቴ ነገርኳቸው።

"ሳቁብኝ፣ አባባ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ዝም ብለው ሰሙ።"

መቋሚያቸውን አነሱ። "እንግዲህ ነገ አስኳላህ እንዳይረፍድብህ" ብለው ወደ ማኅሌት ሄዱ።

ተራዬ ደረሰ። ለቀስተኛው ከድንኳኑ ውጭ ድረስ ቆሟል። ወረቀቱን ዝቅ አድርጌ ወደ መጨረሻው ረድፍ እያየሁ አነበብኩ። ሁለት ገጽ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በሁለት ሴቶች ተደግፈው ከኋላ የቆሙት እትዬ ብርቄ የነጠላቸውን ጫፍ ከፍ አደረጉ።