የባለቤቴ መጋዝና የእኔ ጆሮ

እኔ ቤት ለመቀመጥ መጀመሪያ ከወንበሩ ላይ መጋዝ ማንሳት ያስፈልጋል። ምነው ሸዋ! የሞተር መጋዝ አልጋ ሥር፣ የሞተር መጋዝ ቁምሳጥን ጎን፣ የተፈታ ሞተር ደግሞ በእኔ ትሪ ላይ። የደብረ ብርሃን ብርድ በር አያስከፍትም፤ ዘግተን ስንቀመጥ ሽሯችንን ከነቤንዚን ሽታው እንበላለን። ስንቴ ነው "አንተ ሰውዬ፣ ይህን ጉድ ወደ ጓሮ አውጣልኝ" ያልኩት? "ምን አልሽ?" ይለኛል። ሦስቴ እነግረዋለሁ፣ ሦስቴ "ምን አልሽ?" ይላል። ከዚያ "ዘንድሮ ሰው ሁሉ አፉ ውስጥ ነው የሚያወራው" ብሎ ይቆጣል። እኔን ነው እንግዲህ የሚቆጣው!

ባለቤቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ባሕር ዛፍ ሲጥል የኖረ ሰው ነው። ከጫጫ እስከ አንኮበር ገደል አፋፍ ድረስ ያልቆረጠበት ቦታ የለም። ጆሮህን በጨርቅ ሸፍን ሲሉት ይስቅ ነበር። አሁን ጆሮው የለም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው "ምን ሆኜ?" ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ እተርትበታለሁ፤ ተረቱንም አይሰማው። የራሱ መጋዝ ፒስተኑ ተቃጥሎ ሥራ ሲፈታ፣ እቤት ቁጭ ብሎ የሰው መጋዝ መጠገን ጀመረ።

ደንበኞቹ ደግሞ ለብቻቸው ጉድ ናቸው። አንዱ ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት መቀላቀል እንዳለበት ሰምቶ የምግብ ዘይት ጨምሮ ይመጣና "ምን ሆኖብኝ ነው?" ይላል። ሌላው ሰንሰለቱን እንደ ማጭድ በድንጋይ ስሎት ይመጣል። ባለቤቴ ግን ሁሉንም ያድናቸዋል። እጁ ላይ እግዜር የሰጠው ነገር አለ፤ ይህን ብናደድም አልክድም።

ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው። መጋዝ ተፈትቶ ተገጥሞ ሲያልቅ የሚስተካከለው በጆሮ ነው። ካርቡራተሩ ጎን አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። በካቻቪቴ አብዝተው ሲዘጓት ቤንዚን ያጥረውና ሞተሩ ይጮሃል፤ በዚያው ከሠራ ይቃጠላል። አብዝተው ሲከፍቷት ደግሞ ይታፈናል፣ ይጨሳል፣ ይንተፋተፋል። መሃሉን ለማግኘት መስማት ያስፈልጋል። በእኛ ቤት ደግሞ የሚሰማው የእኔ ጆሮ ነው።

አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፍኩ ጓዳ በር ላይ ቆሜ፣ የሚጠግነው መጋዝ አናቴን ሊበሳው ሲደርስ፣ "ኧረ አንተ፣ ሊቃጠል ነው!" ብዬ እጄን ወደ ታች አወረድኩ። አየኝና ብሎኗን ከፈት አደረጋት፤ ሞተሩ ረጋ። ከዚያ ቀን ወዲህ መጋዝ ባስነሳ ቁጥር ቀና ብሎ ያየኛል። እጄን ዝቅ ሳደርግ ይከፍታል፣ ከፍ ሳደርግ ይዘጋል፣ ሲስተካከል ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ጓዳዬ እገባለሁ። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ደንበኛው "ወይ ጆሮ!" ብሎ ያደንቀዋል፣ እሱም በኩራት ራሱን ይነቀንቃል። እኔ እርር ድብን እላለሁ። የስንት ቀን ወጥ አረረብኝ!

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ የራሱን መጋዝ ካልሠራሁ ብሎ ተነሳ። ከተጣሉ ሦስት መጋዞች ዕቃ ለቃቀመ። ፒስተን ከአንዱ ወሰደ፣ ማስነሻውን ከሌላው አወጣ። ጉልበት እንዲጨምርለት ብሎ ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን፣ ቀድዶ አሰፋው። ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ብረትም በረጅም ለወጠው። "ይህ ይነሳልኝ እንጂ አንኮበር ወርጄ ዛፍ እጥላለሁ" አለኝ።

በዚያው ሳምንት መንገድ ስንሻገር ባጃጅ ከኋላው ክላክሱን እያምባረቀ መጥቶበት ንቅንቅ አላለም፤ በኮቱ ጎትቼ ነው ያተረፍኩት። ዛፍ የሚጥል ሰው የሚተርፈው በጆሮው ነው። ግንዱ ቀጭ ሲል ሰምቶ ይሸሻል፣ ጓደኞቹ "ሽሽ!" ሲሉት ይሸሻል። የማይሰማ ሰው እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ምን ሊሆን ነው?

መጋዙን አስነሳው። በስመ አብ! እንዲያ ያለ ንጹሕ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ቀና ብሎ አየኝ። ጀርባዬን አልሰጠሁትም። እጄን ዝቅ አደረግሁ። ከፈተው፤ ሞተሩ ታፈነ። ከፍ አደረግሁ። ዘጋው፤ ጮኸ። እንዲህ ሳመላልሰው ቆይቼ በመጨረሻ "የለም፣ አልሆነም" ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አጥፍቶ እንደገና ይፈታው ጀመር።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ከበደኝ። አንድ ሰሞን ካንዴላውን ቀየረ፤ ራሴን ነቀነቅሁ። ካርቡራተሩን ከሌላ አምጥቶ ገጠመ፤ ራሴን ነቀነቅሁ። በዓል አለፈ፣ ጾም ገባ፣ ጾም ተፈታ፣ ሰውዬው አንድ ደህና ሞተር እየፈታ ይገጥማል። እኔም እናደድበታለሁ፤ ለምን አይተወውም? መጨረሻ ላይ የደንበኛ መጋዝ ሲመጣ "ከተማ ውሰዱት" ማለት ጀመረ። ምን ሆነህ ነው ስለው "የራሱን ያላስተካከለ የሰው ገንዘብ አይበላም" አለኝ። ተረቡ ቀረ፣ ጨዋታው ቀረ። ትሪዬ ባዶ ሆነልኝ፤ ቤቱም ቤት ሆነ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ ምንም ደስ አላለኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቆዩ ደንበኛው፣ አሊዩ አምባ የሚነግዱት ሐጂ መጡ። ከአንኮበር በታች ቁልቁለቱ ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ ገዝተዋል። "ቆራጭ ፈልጌ ነው፣ መጋዙ ከእኔ" አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

"እኔ አለሁ" አለ ባለቤቴ። "ሰኞ እወርዳለሁ።"

ያ ሁሉ ወር የዋሸሁት ለዚህ ነበር? እሱ ግን ብድግ ብሎ "እስቲ የራሴን ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክረው" አለና መጋዙን አስነሳው። ቀና ብሎ አየኝ። አልሆነም ካልኩት በሐጂ መጋዝ ይሄዳል፤ ሆኗል ካልኩት በራሱ ይሄዳል። ሐጂም እንደ ልማዳቸው እሱን እያደነቁ ቆመዋል። በዚያች ሰዓት ንዴቴ ገነፈለ።

"ደህና ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ድሮም ደህና ነው! ደህና ያልሆነው ጆሮህ ነው! አትሰማም! ዛፍ ሲወድቅብህ አትሰማም፣ እኔን መበለት አድርገኸኝ ልትሞት ነው!"

ሐጂ ሰሙ። ከአጥር ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ ሰማች፤ ልብስ ማጠቧን አቁማ ቆመች። ባለቤቴ መጋዙን አጠፋና "ምን አልሽ?" አለኝ።

"ሱብሃነላህ" ብለው ሐጂ አንገታቸውን ደፉ።

ምን ላድርግ? ቀርቤ ጆሮው ሥር፣ ያንኑ ሁሉ ከመጀመሪያው ነገርኩት። በጩኸት ያልኩትን እንደገና ማለት እንዴት ይከብዳል! በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ይደበድበኛል ብዬ ሳይሆን ያለቅሳል ብዬ ፈራሁ።

"አለመስማቴንማ አውቃለሁ" አለ። "ከአንቺ በፊት ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው ዛፍ ልቁረጥ የምትለው?"

"ያኔማ ለወሬ ነው ያልኩት፤ ሠርቼ ልሸጠው ነበር። ኋላ ግን…" እጁን ገልብጦ መዳፉን አየው። "ስይዘው እጄ ደህና ነው ይለኛል። ቀና ስል አንቺ አይደለም ትይኛለሽ። አንቺ እንደማትዋሺ አውቃለሁ። እንግዲህ እጄም ከዳኝ አልኩ። እጁ የከዳው ሰው ምን ጠግኖ ይበላል? ዛፍ መጣል ጉልበት ብቻ ይበቃዋል ብዬ ነው።"

እኔ ነኝ ለካ ወደ ገደሉ ስገፋው የከረምኩት! ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠራርገው "ቆራጭ ሌላ አላጣም፣ ኢንሻአላህ" አሉ። "ያን መጋዝ ግን ለእኔ ሽጥልኝ።" ባለቤቴ አላያቸውም። ዓይኑ ከአፌ ላይ አልተነሳም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ደህና የሆነው?" አለኝ።

"ከመጀመሪያው ቀን።"

"ከመቼ?"

አልሰማኝም ብዬ ጎንበስ አልኩና "ከመጀመሪያው ቀን! ገና ስታስነሳው!" ብዬ ጮህኩለት። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ፊቱ ሁሉ ይስቅ ነበር።

"አንዴ ድገሚልኝ" አለኝ። ሰምቶኛል ለካ።