ሐጂ ያስለሰኑት መሬት

በሕይወቴ መጀመሪያ የሠራሁት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሚዛን ነው። አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ወፍጮ ቤት ውስጥ ቆሞ ዛሬም በርበሬና ሽሮ ይመዝናል።

ስሠራው አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ሰው ልጁን ኮሌጅ በሚያስገባበት ዕድሜ እኔ ራሴን አስገብቼ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር ሁለት ዓመት ኤሌክትሮኒክስ ተማርኩ። የቀረኝ የመጨረሻው ምዘና ብቻ ነበር። መዛኙ ዕቃውን በሥራ ላይ እያለ መጥቶ ያየዋል፤ ካለፍኩ ወረቀቴን እወስዳለሁ፣ ከወደቅኩ ዓመት እጠብቃለሁ። ዓመት የምጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረኝም። ሚዛኑም እኔም የምንመዘነው በአንድ ቀን፣ ሐሙስ ዕለት ነበር።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የወሎ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። እህሌ እስኪፈጭ ጆንያ ላይ ተቀምጬ መጽሐፍ ሳነብ ዓመታት ያዩኝ ስለሆነ፣ ሚዛኔን እዚያ ልትከል ስላቸው እምቢ አላሉም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ቁጥሩ ትልቅ ይሁን፣ ከበር ይታይ። ትምህርት ቤት የሞከርኩባትን ትንሽ ማሳያ አንስቼ የመዳፍ ስፋት ያላቸው ቀይ ቁጥሮች ገጠምኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከሰሃኑ ሥር ያለው ሴንሰር ክብደት ሲያርፍበት እጅግ ትንሽ ቮልቴጅ ይሰጣል፤ አንዲት ቺፕ ያንን ወደ ቁጥር ትለውጠዋለች። ትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ወፍጮ ቤት ሲገባ ግን አንድ በርበሬ መዝኖ ሦስት ዓይነት መልስ መስጠት ጀመረ። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይመለሳል። ወረፋ የያዘች አንዲት ሴት ቆማ ስታየው ቆየችና፣ «አጨብጭቡለት እንጂ፣ ብቻውን ይጨፍር?» አለች። ወረፋው በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ያየው ሰው ሁሉ ያማው የወፍጮውን ሞተር ነው። ሐጂን ለምኜ ሞተሩን አስጠፋሁት። ጭፈራው ቀጠለ።

እኔ ደግሞ ሳልጽፍ የማላምን ሰው ነኝ። ደብተር አወጣሁና ሽሮ በማንኪያ እየጨመርኩ፣ እየቀነስኩ፣ የትኛው ቁጥር እንደሚቆምና የትኛው እንደሚንቀጠቀጥ መዘገብኩ። ሁለት ገጽ ሲሞላ ነገሩ ፊቴ ላይ ተዘርግቶ አየሁት። አንድ ነጥብ አንድ አንድ ላይ ሚዛኑ ጨዋ ነው። ስምንት ነጥብ ስምንት ስምንት ላይ ያብዳል። እያንዳንዱ ቁጥር ከሰባት የብርሃን መስመሮች ነው የሚሠራው፤ አንድ ሲጻፍ ሁለቱ ብቻ ይበራሉ፣ ስምንት ሲጻፍ ሰባቱም። ሚዛኑ የሚደነግጠው በራሱ ቁጥር ነበር ማለት ነው።

ግን በየት በኩል? መልሱን ያገኘሁት ቤቴ፣ ሻወር ቤት ውስጥ ነው። የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ ነው። ከላይ ያለችው ጎረቤቴ የልብስ እጣቢ ስትደፋ የእኔ ፍሳሽ ሽቅብ ይፈላል፤ ቱቦው አንድ ስለሆነ። ማክሰኞ ጠዋት መጥረጊያ ይዤ ያንን አረፋ ስገፋ ድንገት ቀጥ አልኩ። ሴንሰሬ ማለት ግራውንድ ላይ የምኖረው እኔ ነኝ፤ ትልቁ ማሳያ ደግሞ ከላይ ያለችው ጎረቤት።

ጥፋቱ ሽቦዎቹን አሳምሬ ማሰሬ ነው። በኤሌክትሮኒክስ ቋንቋ ኤሌክትሪኩ ሥራውን ጨርሶ የሚመለስበት መስመር መሬት ይባላል። የሽቦዎቹን አሠራር በሚያሳየው ሥዕል ላይ የሴንሰሩ መሬትና የማሳያው መሬት በተለያየ ምልክት ስለተሳሉ ለምን እንደሆነ መምህሬን ጠይቄው ነበር። ወጣት ነው፤ እያስተማረኝም እትዬ ነው የሚለኝ። «መሬት መሬት ነው እትዬ፣ የትም ቢያስሩት ያው ነው» አለኝ። አመንኩትና ሁሉንም እንደ ሹሩባ ጎንጉኜ በአንድ ቀጭን ረጅም ሽቦ መለስኳቸው። መምህሬ ሲያየው እንዴት እንዳደነቀው! ለካ ስምንቶቹ ሲበሩ ከማሳያው የሚመለሰው ብዙ ኤሌክትሪክ ያንን ቀጭን ሽቦ ሞልቶ ወደ ሴንሰሩ ይፈላል።

ዕለቱን ወፍጮ ቤት ሄጄ፣ ችግሩን እንዳገኘሁት ለሐጂ ነገርኳቸው። መሬቱ ነው አልኳቸው። ሐጂ ከሚዛኑ ሥር ያለውን ወለል ቁልቁል አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለገባቸው ደስ ብሎኝ ሽቦ ልገዛ ወጣሁ።

ረቡዕ ጠዋት ስመለስ ሚዛኔ ደጅ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ውስጥ አንድ ግንበኛ በጉልበቱ ተንበርክኮ እርጥብ ሲሚንቶ ይለስናል። ሐጂ ከአጠገቡ ውሃ ልክ ይዘው ቆመዋል፤ ፊታቸው በርቷል።

«አስተካክለንልሻል» አሉኝ። «ንቅንቅ አይልም አሁን።»

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከዚያ የሽቦውን መሬት፣ የፍሳሹን ቱቦ፣ ጎረቤቴን ሳይቀር አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «ታዲያ መሬት ካልሆነ ለምን መሬት አልሽው?» አሉ።

እዚያው ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ሹሩባውን ፈታሁት። ለሴንሰሩና ለቺፗ የራሳቸውን መመለሻ ሰጠኋቸው፣ ለማሳያው የራሱን ወፍራም ሽቦ፤ ሁለቱ የሚገናኙት ኃይሉ ከሚገባበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ከቺፗ አጠገብም የኤሌክትሪኩን መዋዠቅ የምታረጋጋ አንዲት ትንሽ ካፓሲተር በየድኩ። ሲያልቅ የሚያምር ነገር አልነበረም፤ ያልተበጠረ ጸጉር ይመስል ነበር።

ሐሙስ መዛኙ መጣ፤ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ሚዛኑ በደረቀው ሲሚንቶ ላይ ተመልሷል። ሽሮ በማንኪያ ጨመርኩ፣ ጨመርኩ፣ ሦስቱም ስምንት ሆኑ። ቆሙ። መዛኙ በእጁ ምልክት ሰጠና ወፍጮው ተነሣ፤ ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ ስምንቶቹ ግን ቆመዋል። ያቺ «አጨብጭቡለት» ያለችው ሴት ወረፋው ውስጥ ነበረች። «ዛሬስ ዘፈኑን አጠፉበት» አለች።

መዛኙ ብዕሩን አወጣና ችግሩ ምን እንደነበር ጠየቀኝ። አፌን ሳልከፍት ሐጂ ቀደሙኝ።

«መሬቱ ነበር» አሉ።

መዛኙ ቀና ብሎ አያቸው፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ ይህን መልስ አልጠበቀም። «ትክክል» አለና ጻፈ። የተባለውን ማጥራት ልማዴ ስለሆነ ደብተሬን ገልጬ የትኛው መሬት እንደሆነ አሳየሁት። ሁለቱን ገጾች አንድ በአንድ አነበበና ከሥር ፈረመበት።

ወረቀቱ ዛሬ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ነው። ሐጂ ደግሞ ስለ ሚዛኑ ለጠየቃቸው ሰው ሁሉ በሲሚንቶ እንደዳነ ይናገራሉ። በሰማኋቸው ቁጥር አርማቸዋለሁ፣ የፍሳሹን ቱቦ እንደገና እነግራቸዋለሁ። እስከ መጨረሻው ያዳምጡኛል፤ ከዚያ በጫማቸው ወለሉን መታ መታ ያደርጋሉ።