የባሕር ውሃ በሰቆጣ

ሰቆጣ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ባሕር አይተው ለማያውቁ ተማሪዎቼ ትንሽ የባሕር ዓሣ ገንዳ ልሠራላቸው ተነሣሁ። መስታወቱን መስኮት ሠሪ አጣበቀልኝ። ሹፌር ጓደኛዬ ደግሞ ከጅቡቲ የባሕር ጨው፣ ኮራል የበቀለበት ድንጋይና ውሃ በተሞላ ፌስታል አንዲት ብርቱካናማ ዓሣ አመጣልኝ። የጨዉን ልክ የሚለካው መሣሪያ ግን ከአቅሜ በላይ ነበር።

ጨዉን በማንኪያ እየገመትኩ ገንዳው ውስጥ ስበጠብጥ ዓሣዋ ፌስታሉ ውስጥ ወደ ጎን መዘንበል ጀመረች። ይሄኔ አከራዬ አባባ ኪሮስ ከባለቤታቸው ጋር ገቡ። እኔ እስከማውቀው ከእርሻቸው ርቀው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ጣታቸውን ገንዳው ውስጥ ነክረው ቀመሱ።

«ይቀረዋል» አሉ።

ግራ ገባኝ። «ምኑ ነው የሚቀረው አባባ?»

«ጨዉ ነዋ! ጨምር እንጂ!»

ለምን እንደታዘዝኳቸው አላውቅም፤ ጨመርኩ። ቀመሱ። «አሁንም ይቀረዋል።» ደግሜ ጨመርኩ። ለአራተኛ ጊዜ ሲቀምሱ ዓይናቸውን ጨፈኑና «አዎ፣ ይሄ ነው። ልቀቃት» አሉኝ። ለቀቅኳት። ለአፍታ በጎኗ ተንሳፍፋ ቆየችና ቀና ብላ ድንጋዩን መዞር ጀመረች።

«አባባ፣ የባሕርን ጨው እርስዎ በምን አወቁት?»

«በወጣትነቴ መርከበኛ ነበርኩ» አሉ ጣታቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ። «መርከባችን ሰጥማ ሁለት ቀን ሙሉ ይሄንኑ ውሃ ስውጥ ነበር።»

ሠላሳ ዓመት አብረዋቸው የኖሩት ባለቤታቸው ወደ እሳቸው ዞሩና «የምን መርከብ?» አሉ።