በደረት ላይ የሚዋኝ ዓሣ

ጨርቅ በጋለ ብረት ሲጫን የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ተቃጠለ እንዳትለው አልተቃጠለም። ባለፈው ሳምንት ለሥራ አርባ ምንጭ ሄጄ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ በአንድ ቲሸርት ማተሚያ ደጃፍ ሳልፍ ያ ሽታ ያዘኝና እግሬ ቆመ። እስቲ ስለ አንዲት ልጅ ላጫውትህ።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። እሷ ከገረሴ መጥታ እዚያው ሲቀላ አንድ ማተሚያ ቤት ለሙከራ የገባች ልጅ ነበረች። አንድ ወረቀት ላሳትም ገብቼ አየኋት፤ ከዚያ ወዲያ የማላሳትመው ነገር ጠፋ። ቤተሰቦቿ ቋሚ ሥራ ካላገኘች ትመለስ ብለዋል፤ ታላቅ ወንድሟም ሊወስዳት መምጫው ደርሷል። የሱቁ ባለቤት ሀጂ ደግሞ "የዓሣ አስጋሪዎቹን ቲሸርት ካሳመርሽ ትቀጠሪያለሽ" ብለዋታል።

ዓሣ አስጋሪዎቹ የማኅበራቸው ስም በዓሣ ቅርጽ እንዲጻፍላቸው ነበር የፈለጉት። የዓሣ ሥዕል አይደለም፤ ፊደሎቹ ራሳቸው ዓሣ እንዲሆኑ። እሷ ኮምፒውተሩ ላይ በጽሑፉ ዙሪያ የመስመር መረብ ትዘረጋለች። የመረቡን ቋጠሮ በማውዝ ይዛ ስትጎትት፣ ቀጥ ብለው የቆሙት ፊደሎች አብረው ይጎብጣሉ፤ ሆዱ ላይ ይሰፋሉ፣ ወደ ጭራው ይቀጥናሉ። እንዲያ ሆነውም ይነበባሉ! የከሰዓት ፀሐይ በበሩ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች፣ ውጭ ባጃጆች ይንጫጫሉ፣ እኔ አፌን ከፍቼ አያለሁ። ዛሬ ይህን ሁሉ ስልክ በአንድ ንክኪ ይሠራዋል ይሉኛል። ይሥራው፤ ያቺን ልጅ ግን አላያትም።

ሳምፕሉን የማኅበሩ ሊቀመንበር ለበሱት። ዕድሜ ልካቸውን ዓባያ ሐይቅ ላይ ሲቀዝፉ የኖሩ፣ ደረተ ሰፊ ሰው ናቸው። መሃል ያሉት ፊደሎች ይብሱን ተነፉ፤ ጭራው ብብታቸው ሥር ገብቶ ጠፋ።

"ይሄ ዓሣ ነው ጉማሬ?" አሉ።

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ በሳቅ ፍርስ አለ። ሀጂም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ጭራው የጠፋበትን ቦታ ነበር የምታየው። "ነገ ይመለሱልኝ፣ ጋሼ" አለቻቸው።

የምትለካበት ሰው ያስፈልጋት ነበርና እኔ ፈቃደኛ ሆንኩ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "አንተን ብሎ ዓሣ አስጋሪ!" ብላ ትርፍ ቲሸርቶች ጠቅልላ ሸሚዜ ውስጥ ጎሰጎሰችልኝ። ጽሑፉን በወረቀት አትማ ደረቴ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው።

"ቀጥ በል። አሁን እንደሚቀዝፍ ሰው እጅህን አንሳ።"

ቀዘፍኩ። ፊደሉ የሚሸሸግበትን በእስክሪብቶ ምልክት ታደርግና ወደ ኮምፒውተሩ ትሮጣለች፤ መረቡን ትጎትታለች፤ እንደገና ታትማለች። ስክሪኑ ላይ ዓሣው እየከሳ፣ ሆዱ እየገባ ሄደ፤ የታመመ መሰለ።

"አበላሸሽው እኮ" አልኳት።

"የሚለብሰው ስክሪኑ ነው እንዴ?" አለችኝ።

የልቤ ምት ወረቀቱን እንዳያንቀሳቅሰው ፈራሁ። እወዳት ነበር። ከተማው ውስጥ እንድትቀር ከራሷ ባላነሰ እፈልግ ነበር።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ አዲሱን ለበሱ። ያ ከሲታ ዓሣ ደረታቸው ላይ ሞላ፤ ሲተነፍሱ ዋኘ። መስታወቱ ፊት እጃቸውን ሲያነሱ ሲጥሉ ቆዩና አውልቀው ለመመለስ እንቢ አሉ። ሀጂ የሱቁን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። "ከነገ ጀምሮ አንቺ ትከፍቻለሽ፣ ልጄ" አሏት።

ሊወስዳት የመጣው ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። ብቻውን ሲመለስ መናኸሪያ ድረስ አብረን ሸኘነው። እሷ ውኃ ልትገዛለት ስትሄድ እጄን ያዘኝ።

"እህቴ ጎበዝ ነው" አለኝ በገረሴ አማርኛው። "እዚህ ዘመድ የለውም። አደራ።"

"አታስብ" አልኩት፤ ከደስታዬ ብዛት ምኑንም ሳላስብ።

ክረምቱ ሲመጣ ግን ከተማውን የለቀቅኩት እኔ ነበርኩ። ተመረቅኩ፤ ሥራ ያገኘሁት አዲስ አበባ ሆነ። ልሰናበታት ስገባ የሙዝ አምራቾች ማኅበርን ስም እንደ ሙዝ እያጎበጠች ነበር። ማውዙን ለቀቀችና ወደ እኔ ዞረች።

"እኔስ ሥራዬ አለኝ" አለች። "አንተ ነህ የምታሳዝነኝ።"

አውቶቡሱ ምዕራብ ዓባያን እስኪያልፍ ድረስ አለቀስኩ።