መጋረጃ ሰፊዋ ብረት አነሳች

መጋረጃ ሰፊዋ ልቧን ከታመመች ወዲህ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆነች። ሴት ልጇ ማንቆርቆሪያ ከእጇ ትቀማታለች፤ አማቿ ወንበር ይዞ ይከተላታል። ዕድሜዋን ሙሉ ጣቃ ጨርቅ በትከሻዋ ተሸክማ ልጆቿን ያሳደገች ሴት ትራስ ለማገላበጥ እንኳ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ሆነባት። ሱቋም ተዘጋ። “አንቺ ብቻ ቁጭ በይልን” ይሏታል። ቁጭ ባለች ቁጥር ግን አቅሟ እየከዳት ሄደ፤ ከመኝታ ቤት ሳሎን ስትደርስ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

ለክትትል በሄደች ቀን ለሐኪሟ፣ “ልጄ፣ እኔን የሚገድለኝ ልቤ ሳይሆን መቀመጡ ነው” አለቻት።

ሐኪሟ ሳቀች፤ ነገሩን ግን አላቃለለችውም። በደንብ ከመረመረቻት በኋላ ልቧ መረጋጋቱን ነገረቻት፤ ከእግር ጉዞ ጋር ቀላል ክብደት እንድታነሳም ፈቀደችላት። ክብደት ሲነሳ የደም ግፊት ለጊዜው ከፍ ይላል፤ ትንፋሽ አፍኖ መታገል ደግሞ ያባብሰዋል። ስለዚህ ስታነሳ ትንፋሿን ማውጣት አለባት። ደረቷን ካፈናት ወይም ካዞራት እዚያው ታቆማለች። ጡንቻ ሲጠነክር ያው ሥራ ለልብ ይቀላል፤ የደም ሥሮችም ቀስ በቀስ ይላላሉ። መድኃኒቱ ግን እንዳይቋረጥ።

በማግስቱ ከሰፈሩ ጋራዥ በላይ ወዳለው ጂም ወጣች። ረጅም ቀሚሷን ከሱሪ ላይ ደርባ ስትገባ ጎረምሶቹ ተጠቃቀሱ። አንዱ፣ “እማማ፣ ሊያገቡ ነው እንዴ?” አላት።

“አዎ፤ አንስቼ የምጥለው ባል እየፈለግኩ ነው” አለችው። ከዚያ ወዲያ ማንም አልቀለደባትም። አሰልጣኙም ትንሿን ብረት አስይዞ ትንፋሽ አወጣጡን አለማመዳት።

ልጇ ስትሰማ አለቀሰች። ለምና አልሆን ሲላት የእናቷን ታላቅ ወንድም ጠራች። እሱም መጥቶ ሽማግሌ ነኝና ስሚኝ አለ፤ በዚህ ዕድሜ ብረት ማንሳት ለጤናም ለስምም እንደማይበጅ ዘረዘረ። በመጨረሻም፣ “ሰው ምን ይላል?” አላት።

“ጋሼ፣ ሆስፒታል ስተኛ ሰው ነፍስ ይማር ሊል ነበር የተዘጋጀው። አሁን ደግሞ ሌላ ይበል። ልቤ ሥጋ ነው፣ ብርጭቆ አይደለም።”

አኩርፎ ወጣ። ስልኳንም ማንሳት ተወ።

እሷ ግን አላቆመችም። አንዳንድ ቀን ሰውነቷ እንቢ ሲላት ትመለሳለች፤ በሌላው ቀን ደግሞ ትሄዳለች። ወራት አልፈው ስትመረመር የደም ግፊቷ ወርዶ ተገኘ። ሕመሙ በልቧ ላይ የተወው ጠባሳ አልጠፋም፤ ኪኒኑም አልቀረላትም። ሱቋን ግን ማንንም ሳታስፈቅድ ከፈተች። ልጇ ሁለት ቀን ተኮሳተረች፤ በሦስተኛው ምሳ ይዛላት መጣች።

ያ ወንድሟ የሚኖረው አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ እሑድ ሳትደውል ሄዳ በሩን አንኳኳች። ሲከፍት ደነገጠ፤ ማን ደግፎ እንዳመጣት ለማየት ከኋላዋ ደረጃውን ቃኘ። ማንም የለም።

“በእግሬ ወጥቼ መጣሁ ጋሼ” አለችው። “አሁን የምትቆጣውን ተቆጣ።”