ሥዕሉ አይቆረጥም

ታናሽ እህቴ ከመሞቷ በፊት የእናታችንን ፊት በውሃ ቀለም ሥላ ሰጥታኝ ነበር። ለሥራ ናይሮቢ ስመጣ ሥዕሉን ይዤው መጣሁና መሃል ከተማ ወዳለ ፍሬም ሠሪ ወሰድኩት። ሰውየው ጣውላ ላይ በሙጫ ሊለጥፈው፣ ፍሬሙ ውስጥ እንዲገባለትም ጠርዙን ሊቆርጠው መቀስ አነሣ። እህቴ ስሟን የጻፈችው ጠርዙ ላይ ነው።

«አይቆረጥም፤ አይለጠፍምም!» አልኩት።

«ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያሠራው፣ ማማ» አለኝ እየሳቀ።

እኔ ግን ሥራዬ የቆዩ ሰነዶችን መጠገን ስለሆነ፣ ሙጫ ከዓመታት በኋላ ወረቀትን ቢጫ አድርጎ እንደሚያበላሸው በየቀኑ አይ ነበር። ሥዕሉን ነጥቄው ወጣሁ። ባለቤቴ እንኳ «ለአንድ ወረቀት?» ብሎ አሾፈብኝ።

በሳምንቱ ወረቀት የማይጎዳ፣ አሲድ የሌለው ካርቶን ገዝቼ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ሰውየው ፊቱን ቢያጠቁርም አጠገቡ ቆሜ አሠራሁት። ሥዕሉን ከላይ በኩል ብቻ፣ በሁለት ቁራጭ ስስ ወረቀትና ውሃ ሲነካው በሚለቅ የስንዴ ስታርች ማጣበቂያ አንጠለጠልነው። መስታወቱ ቀለሙን እንዳይነካው ዙሪያውን ወፍራም ካርቶን አደረግንበት። ስንጨርስ ሱቁ ሊዘጋ ነበር።

ከስድስት ዓመት በኋላ እዚያው ናይሮቢ ከካሳራኒ ሰፈር ወደ ኪሊማኒ ቤት ስንቀይር ፍሬሙን ከፈትኩት። ወረቀቱ አንድም ቦታ ቢጫ አልሆነም። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን ዙሪያውን አየና፣ «በይ ፀሐይ የማይደርስበት ግድግዳ አሳዪኝ፤ እኔ እሰቅለዋለሁ» አለ።